ቬጋስ ያላችሁ፦ እናቴን ሬድ ሮክ ይዣት ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

የሌሊት ሹፌር

ጤና ይስጥልኝ። ላስ ቬጋስ ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው። ታክሲ ነው የምነዳው፣ የሌሊት። ከከተማው በስተምዕራብ ያለው የቀይ ዐለት በረሃ፣ ሬድ ሮክ ካንየን፣ ቱሪስት አድርሼ አውቃለሁ። እኔ ግን አንድም ቀን ከመኪና ወርጄ እግሬን አሳርፌበት አላውቅም።

አሁን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። 64 ዓመቷ ነው። በመጣች ሰሞን ስትሪፑን፣ የካዚኖዎቹን ጎዳና፣ አዞርኳት። «መብራቱስ ጥሩ ነው፣ ሰዉ መቼ ነው የሚተኛው?» አለችኝ፣ በዚያው በቃት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ በስተምዕራብ ያሉትን ቀያይ ተራሮች ታያለች። «እዚያ ላይ ገዳም አለ?» አለችኝ ባለፈው። የለም አልኳት። «ይሄ ሁሉ ተራራ እንዲሁ ባዶውን?» ብላ አዘነች።

ልወስዳት ፈልጌያለሁ። ግን የማላውቀው ነገር በዛብኝ። ሁዳዴ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። እኔ ደግሞ ከሥራ የምወጣው ሌሊት 10 ሰዓት ነው፣ ተኝቼ የምነሳው እኩለ ቀን ላይ። ከሰዓት 8 ሰዓት ግድም ብንሄድስ? አስጎብኚ ይያዛል ወይስ ዝም ብሎ ይገባል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ቦቲ

8 ሰዓት ላይ? ጾመኛ እናትህን? በረሃ ውስጥ? ኧረ በፈጠረህ!

ቀይ አፈር

ቦቲ አትቆጣው፣ ሰውዬው ጠየቀ እንጂ አልሄደም።

እኔ በየሁለት ሳምንቱ እወጣለሁ፣ አምስት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የበሩን ነገር ልንገርህ፤ የማውቀው ሀበሻ ግማሹ የተመለሰው ከበር ነው።

ቦታው ከስትሪፑ 17 ማይል ያህል ነው። ቻርልስተን የሚባለውን ጎዳና ይዘህ ወደ ምዕራብ መንዳት ብቻ ነው። ውስጡ 13 ማይል የመኪና መንገድ አለ፣ ዙሪያውን የሚሄድ፣ ባለ አንድ አቅጣጫ። እዚህ ላይ ልብ በል። ማቆሚያ ካለፈህ አለፈህ፣ ወደኋላ መመለስ የለም። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት የሚገባ መኪና ቀድሞ በኢንተርኔት ሰዓት ማስያዝ አለበት። ማስያዣው 2 ዶላር፣ መግቢያው ለመኪና 20 ዶላር። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ያልቃል። በሩ የሚከፈተው ግን 12 ሰዓት ላይ ነው። ከ2 ሰዓት በፊት ከደረስክ ቀጠሮ አያስፈልግህም፣ መግቢያውን ከፍለህ ታልፋለህ። እኔ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምገባው። ድንጋዩም የሚያምረው በዚያ ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ከከተማው በኩል ወጥታ ፊት ለፊት ስትመታው ፍም ይመስላል።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ማርች መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ገና አልከፋም። የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ላብህን አታየውም፤ እንደወጣ ይተናል። ሸሚዝህ ደረቅ ነው፣ ፊትህን ስትዳብሰው ግን ጨው ታገኛለህ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ? እዚህ ደግሞ የውሃ ማጣቱ ነው አሳስቆ የሚወስድ።

ሚሚ ከሰመርሊን

ሰዓት ካነሳችሁ የእኛን ስሙልኝ። ጓደኛዬ በስልክ «የሁለት ሰዓቱን ያዙ፣ እሱ ይሻላል» አለችን። ባለቤቴ ኮምፒውተሩ ላይ ሄዶ ምን ያዘ መሰላችሁ? የከሰዓቱን ሁለት! በእኛ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ልጆቹን አልብሼ፣ ሳንድዊች ጠቅልዬ፣ ጠዋት በሩ ላይ ደርሰን ልጅቷ ስልኩን አይታ «ስድስት ሰዓት ቀድማችኋል» አለችን። አሥራ አንድ ዓመት አሜሪካ ኖረን! እስካሁን ቤት ውስጥ «በማን ሰዓት?» ሳንባባል ቀጠሮ አንይዝም።

ነርሷ

ወንድሜ፣ የግፊት መድኃኒት ያልከው ላይ ልግባ። ስሙን ማወቅ አለብህ። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያሸና ነው፤ ውሃና ጨው ከሰውነት ያወጣል። እሱን ውጣ፣ ውሃ ሳትጠጣ፣ ፀሐይ ላይ ብትራመድ ድንገት ግፊቷ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። በራስህ መድኃኒቱን አታስቁማት። ለሚያያት ሐኪም ደውለህ ጠይቅ፣ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው።

ለሁላችሁም፦ ውሃ ብቻ መጋት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ብዙ ሰዓት እያላባችሁ ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ከጠጣችሁ ደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ያመጣል። ሰው «ውሃ ስላጣ ነው» ብሎ ጭራሽ ይጨምርለታል። ስለዚህ የሚላስ የሚቀመስ ጨዋማ ነገር ያዙ። ጨው ያለበት ቆሎ ከበቂ በላይ ነው። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም እንደሰከረ ከተንገዳገደ ግን ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ልብሱን አርጥባችሁ 911 ደውሉ። «ትንሽ ይረፍ» አትበሉ።

የሰንበት ተማሪ

የጾሙ ነገር እኮ ቀላል መፍትሔ አለው። ቅዳሜና እሁድ በሁዳዴም ቢሆን እስከ 9 ሰዓት አይጾምም፣ ከጥሉላት መከልከል ብቻ ነው። እሁድ እናትህ ቅዳሴ አትቀርም መቼም። ስለዚህ ቅዳሜ። የምትቆርብ ከሆነ ግን ለእሷ ተወው፣ ታውቀዋለች። ሌላ ቀን ካልሆነ አይሆንም ካልክ ደግሞ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፤ እዚህ መድረክ ላይ እኛ የምንፈቅደው ነገር አይደለም።

ስንቅ በሶ በጥብጥላት። ወይም ጭብጦ አድርገው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ቦቲ

አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው 😂

አቡ ሰሚር

እኛም ባለፈው ረመዳን ወጥተናል። ማፍጠሪያው ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ገብተን፣ ደልዳላውን መንገድ አርባ ደቂቃ ያህል ተራምደን መኪናው ጋ ተመለስን። ቴምርና ውሃ ኮፈኑ ላይ ዘርግተን አፈጠርን። ቀኑን ሙሉ ቤት ከመተኛት ይሻላል። ግን ማንም ዐለት ላይ አልወጣም፣ ማንም አልሮጠም፣ ውሃውም ከእጃችን አልራቀም። ጾመኛ ከመኪናው ብዙ መራቅ የለበትም።

ከዱባይ የመጣሁ

 እኔም «ሰዎች ታካብዳላችሁ» እል ነበር፣ እስክቀምሰው ድረስ።

ዱባይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሙቀት ለእኔ ምኔ ነው ብዬ ከጥቂት ዓመት በፊት በጁን ወር ቫሊ ኦፍ ፋየር ሄድኩ። ከቬጋስ በሰሜን ምሥራቅ 50 ማይል ያህል ነው። የኔቫዳ የመጀመሪያው ስቴት ፓርክ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ። ፋየር ዌቭ የሚባል መንገድ አለ፤ ደርሶ መልስ 1 ማይል ተኩል ነው። አንድ ማይል ተኩል! ከመርካቶ ፒያሳ ደርሶ መልስ አይሞላም። አንዲት ግማሽ ሊትር ውሃ ይዤ 7 ሰዓት ላይ ወረድኩ። ወረድኩ ነው ያልኩት፤ መሄጃው ቁልቁለት ነው፣ ዳገቱ የሚጠብቅህ ስትመለስ ነው።

ድንጋዩ እንደ ሥጋ ጥብስ ቀይና ነጭ ስብ ስብ አለው፣ በጣም ያምራል። ፎቶ አነሳሁ። ዞር ስል የአንድ ጫማዬ ሶል ከፊት ተላቆ እንደ አዞ አፍ ተከፍቷል። ሙጫው ቀልጦ ነው። ውሃዬ አልቋል። ጥላ የሚባል ነገር የለም። እየጎተትኩ ተመለስኩ፤ መኪናው ጋ ስደርስ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ማግኘት አቃተኝ፣ እጄ ውስጥ ይዤው። ያኔ ነው ዱባይ የኖርኩት ስምንት ዓመት በሙሉ ከኤሲ ወደ ኤሲ እንደነበር የገባኝ።

አሁን ያንን መንገድና ሌሎቹንም ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ይዘጓቸዋል። በጁላይ 2023 ሁለት ሴቶች እዚያ ፓርክ ውስጥ በእግር ወጥተው ሞተው ተገኝተዋል። ቬጋስ ራሷ በጁላይ 7፣ 2024 120 ፋራናይት ገብታለች፤ በሴልሺየስ 49 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በብርዱ ወራትና በጸደይ ካልሆነ እርሜን ነው።

የሌሊት ሹፌር

ቁልፉን እጅህ ይዘህ... ይሄ ነገር አስደነገጠኝ። ቅዳሜ ነው የምንሄደው በቃ። አርብ ሌሊት ሥራ አልገባም፣ ተነጋግሬያለሁ። መድኃኒቱንም ጠይቄ እነግራችኋለሁ።

የአስጎብኚውስ ነገር? አንድ ድርጅት ለአንድ ሰው 150 ዶላር አለኝ።

ሚሚ ከሰመርሊን

አደራ አደራ። እኛ እህቴ ስትመጣ እንደዚህ ከፍለን ነበር። ስሙን አልጠራም። «በባለሙያ የሚመራ የእግር ጉዞ» ይላል ወረቀቱ። ቫን ውስጥ ጫኑን፣ አራት ቦታ አውርደው ፎቶ አስነሱን። የተራመድነው በጠቅላላ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አስጎብኚው ልጅ ድንጋዩ ለምን ቀይ እንደሆነ ስጠይቀው «በፀሐይ» አለኝ።

ቀይ አፈር

በፀሐይ! ወይ ጉድ።

ሚሚ፣ ዝገት ነው። ያ ዐለት በሙሉ አሸዋ ነበር። የዛሬ 180 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ እዚህ ቦታ ነፋስ የሚገፋው ትልልቅ የአሸዋ ክምር ነበር፣ እንደ ሰሃራ። ቀስ በቀስ ተጫጫነ፣ ተጣበቀ፣ ድንጋይ ሆነ። አሸዋው ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ነው የቀላው። ነጭ የምታዪው ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ብረቱን አጥቦ የወሰደበት ነው። ጠጋ ብለሽ ካየሽ ድንጋዩ ላይ ሰያፍ ሰያፍ መስመር አለ፤ ያኔ ነፋሱ አሸዋውን የደረደረበት ነው። ጣትሽን መስመሩ ላይ ብታስኬጂ ንፋሱ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ።

ከላይ ደግሞ ግራጫ ተራራ አለ አይደል? እሱ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ከባሕር ሥር የመጣ፣ ዕድሜው ከቀዩ በእጅጉ ይበልጣል። ሽማግሌው ወጣቱ ላይ ተፈናጧል ማለት ነው። የዛሬ 65 ሚሊዮን ዓመት ግድም መሬቱ ተገፍቶ አሮጌው ድንጋይ አዲሱ ላይ ወጣ። ኪስቶን ትረስት ይሉታል። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው ቦታው ልቤ ውስጥ የገባው፤ በፊት ቀይ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ይሄን ሁሉ ከየት ሰማህ ካላችሁኝ፣ በነፃ ነው የሰማሁት። መግቢያው ላይ ያለው ቪዚተር ሴንተር፣ የጎብኚዎች ማዕከሉ፣ የሚመሩ የእግር ጉዞዎች አሉት። ጡረታ የወጡ ሰዎች፣ በጎ ፈቃደኞች፣ ቦታውን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ ናቸው። ቀድሞ መመዝገብ ነው። ከመግቢያው ሌላ የሚከፈል የለም። 150ውን ዶላር ለእናትህ ሌላ ነገር ግዛላት። ውሃም እዚያው ሙላ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ የምትቀዳበት የለም። ስልክም ካንየኑ ውስጥ ጥፍት ይላል፣ ካርታውን ቀድመህ አውርደው።

ለእናትህ ሎስት ክሪክን እመርጣለሁ። 0.7 ማይል ብትሆን ነው፣ ዛፍም ጥላም አለው፣ የፈረንጁ ክረምት ጥሩ ከነበረ ጫፉ ላይ ፏፏቴ ይወርዳል። ጉልበቷ ካስቸገራት ደግሞ ካሊኮ ቤዚን በኩል ሬድ ስፕሪንግ የሚባል አለ፣ ከዋናው ዙሪያ መንገድ ውጭ ነው፣ ግማሽ ማይል፣ በሙሉ የጣውላ መንገድ። ምንጭ አለው፣ ሣር አለው። ካሊኮ ታንክስ የሚባለውን ግን ተወው። ሁለት ማይል ተኩል ቢሆንም ዐለት ለዐለት መዝለል ነው። ጫፉ ላይ ውሃ ያቆረ ጎድጓዳ ድንጋይ አለ፣ ከዚያ ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። ስትመለስ ግን ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እኔ ራሴ ሁለቴ ተሳስቼ ወርጃለሁ።

ገራልታ

ቀይ አፈር በደንብ ገልጸኸዋል። እኔ ሐውዜን አጠገብ ነው ያደግኩት። የእኛም ተራራ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ሬድ ሮክ የሄድኩ ቀን መኪናውን አቁሜ ዝም ብዬ ቀረሁ፣ አገሬን ያገኘሁ መስሎኝ። «ገዳም አለ?» ያሉት እናት ገብተውኛል።

ስለ መሪ ግን ልናገር። እኛ ጋ ገደል ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ አቡነ የማታ ጎህን፣ የወጣ ያውቀዋል። ጫማህን ታወልቃለህ፣ ባዶ እግር ዐለቱን ይይዛል። የሰፈሩ ልጆች አንዱ ከላይ እጅህን፣ አንዱ ከታች እግርህን ይዘው «እዚህ ላይ፣ አሁን እዚያ» ይሉሃል። መሪ ማለት ለእኔ እሱ ነው። የሚያወራልህ ብቻ ሳይሆን እግርህን የት እንደምታሳርፍ የሚያሳይህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝናብ ከጣለ በኋላ ዐለት ላይ አትውጡ። የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ይመጥጣል፣ ከላይ ደረቅ መስሎ ውስጡ ርጥብ ይሆናል። ያኔ የያዝከው እጅህ ላይ ይፈረፈራል። ሬድ ሮክ ገመድ ይዘው የሚወጡት ሰዎች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይጠብቃሉ።

ከእስራኤል

ሰላም ከቤር ሼባ። እኛም ጋ ኤላት አጠገብ ቀይ ካንየን አለ። ጠባብ ነው፣ በብረት መሰላልና መያዣ የሚወረድበት ቦታ አለው፣ ልጆች በጣም ይወዱታል። ቲምናም አለ፣ የጥንቱ የመዳብ ማውጫ።

እኛን የሚያስፈራን ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ ደራሽ ውሃ ነው። በኤፕሪል 2018 ሙት ባሕር አጠገብ ናሃል ጻፊት ውስጥ አሥር ወጣቶች በአንድ ቀን ሞተዋል፣ በጉዞ ላይ የነበሩ። ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ናቸው። የእኔ ልጅ ዕድሜ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የአየር ትንበያ ሳላይ ልጄን ወደ በረሃ አልለቅም። እሱም «አባዬ ደመና የለም እኮ» ይለኛል። የራስህን ሰማይ ሳይሆን የላይኛውን አገር ሰማይ ነው የምታየው እለዋለሁ።

ሁለት ሰዓት ያለኝ

ልክ ብለዋል ጋሼ። አሪዞና ያለው አንቴሎፕ ካንየንም እንዲሁ ነው። በኦገስት 12፣ 1997 አሥራ አንድ ጎብኚዎች ውሃ ወሰዳቸው፤ ዝናቡ የጣለው ማይሎች ርቆ ነበር። ቦታው የናቫሆ ሕዝብ፣ የአገሬው ነባር ሰዎች፣ መሬት ነው። አሁን ያለ ናቫሆ መሪ ማንም አይገባም፣ ብቻዬን ልግባ ማለት የለም። እዚያ እንግዲህ መክፈል ግድ ነው፣ እኔ ግን አልቆጨኝም። መሪያችን ልጅ አሸዋ ላይ በጣቱ ሥሎ ውሃው ዐለቱን እንዴት እንደሚቦረቡር አሳየን። ግድግዳው ላይ ከራሳችን በላይ የተሰነቀረ ግንድ ነበር። «ይሄን ማን ያስቀመጠው ይመስላችኋል?» አለን። ሁላችንም ዝም።

የሰዓት ነገር ደግሞ ሚሚን የሚያስንቅ ነው። አሪዞና በፈረንጅ በጋ ሰዓቷን አትቀይርም። በዙሪያው ያለው የናቫሆ መሬት ግን ይቀይራል። ዩታም ይቀይራል። ስልኬ ካንየኑ አጠገብ ባለችው ፔጅ ከተማ ውስጥ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ጉብኝቱ የሚሄደው በአሪዞና ሰዓት ነው። እኔ ስልኬን አይቼ ረፈደብኝ ብዬ እያለከለኩ ስደርስ አንድ ሰዓት ቀድሜያለሁ። እጄ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ በሀበሻ የተሞላ ነበር። የቱን ልመን?

ሚሚ ከሰመርሊን

ተጽናናሁ 😂

ቀይ አፈር

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሁለት ነገር። ኤሊ ካያችሁ አታንሱት። የበረሃ ኤሊ ለወራት የሚያቆየውን ውሃ ፊኛው ውስጥ ነው የሚያጠራቅመው። ሰው ሲያነሳው ደንግጦ ይሸናል። የዓመት ውሃውን አፈሰስክበት ማለት ነው፣ በዚያው ሊሞት ይችላል። ሌላው፣ መንገዱ ዳር ጥቁር ጥቁር ቅርፊት ያለው አፈር ታያላችሁ። ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አሸዋውን ከነፋስ የሚይዘው እሱ ነው። አንዴ ከረገጥከው እስኪያገግም ብዙ ዓመት ይፈልጋል። መንገዱን ይዛችሁ ሂዱ። ድንጋይ፣ ቅጠል፣ ምንም አይወሰድም። እናቶቻችን ደግሞ ቅጠል ሳይቀጥፉ አያልፉም፣ አውቃቸዋለሁ።

ለእባቡ ብዙ አትጨነቅ። ራትልስኔክ ብዙ ጊዜ ጭራውን እያንሿሿ ያስጠነቅቅሃል፣ አንተ እጅህን የማታየው ስንጥቅ ውስጥ አትክተት።

የሌሊት ሹፌር

ወገኖቼ፣ ሄድን! ትናንት። ረጅም ስለሆነ ታገሡኝ።

መድኃኒቷን ደውዬ ጠየቅኩ። ነርሷ እግዜር ይስጥሽ፣ የሚያሸናው ዓይነት ነው። ምን ሰዓት እንደምትወስደው ሐኪሟ ነገረን። ቪዚተር ሴንተሩ ላይ የተመዘገብነው ለሎስት ክሪክ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አለፍን፣ አንድም ወረፋ የለም። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ በስኒከር፣ በሶውን በፌስታል ይዛ። ባርኔጣ ገዝቼላት ነበር፣ «ነጠላዬ ምን ሆነ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ተከናነበችው። ሌላው ሰው ክሬም ይቀባ ነበር።

መሪያችን አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ነበሩ፣ ሰባውን ያለፉ። ከእናቴ ጋር ገና ሲተያዩ ተግባቡ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አንድ ነገር ላጋልጥ፦ ዳገቷ ላይ የደከምኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ! እናቴ ከፊት ከአሮጊቷ ጋር እየሄደች ዞር ብላ «ና እንጂ» ትለኛለች። ለሴትዮዋ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው ከፍታዋን ፈለጉ። ከዚያ ማዶ ያለውን ሾጣጣ ተራራ፣ ተርትልሄድን፣ አሳዩኝ። 1,927 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,300 ገደማ ናት። እኛ ሰፈር ከዚያ ጫፍ በላይ ነው ማለት ነው! እናቴ ስነግራት «ታዲያ ምን ያስደንቃል» ብላ ሄደች።

መንገዱ ዳር ክብ ሆኖ የተከመረ ነጣ ያለ የተቃጠለ ድንጋይ አለ። ሴትዮዋ አቆሙን። ከጥንት ጀምሮ እዚያ የኖሩት የፓዩት ሰዎች አጋቬ የሚባለውን ተክል ልቡን አውጥተው በጋለ ድንጋይ መሐል የሚያበስሉበት ነው አሉን። አጋቬውም አጠገቡ በቅሏል፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ። እናቴ አየችውና ጮኸች፦ «ይሄማ ቃጫ ነው!» ገመድ የሚሠራበት እንደሆነ ንገራቸው አለችኝ። ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፤ እነዚህም ሰዎች ከቅጠሉ ገመድ ይሠሩበት ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ አስጎብኚዋ እናቴ ሆነች። ቃጫ እንዴት እንደሚፋቅ፣ እንዴት ጭኑ ላይ እንደሚገመድ በእጇ እያሳየች። አሥራ ሁለት ፈረንጅ ከበባት።

ቀይ አፈር፣ ትንቢትህ ደረሰ። አንዲት ክብ ቀይ ጠጠር አንስታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ስትቋጥር ያዝኳት። አይቻልም አልኳት። «ለቤት መታሰቢያ» አለች። ሴትዮዋ ምንም አልተናገሩም፣ ብቻ ያያሉ። እናቴ ወደኋላ ሄዳ ጠጠሯን ያነሳችበትን ቦታ ፈልጋ፣ አፈሩ ላይ የቀረውን ጉድጓድ አግኝታ፣ መልሳ ገጠመቻት። በጣቷ ዙሪያውን አበሰችው።

ፏፏቴው ቀጭን ነበር፣ እንደ ክር። ተንበርክካ እጇን አስነካችው። ከዚያ ጥላው ውስጥ ተቀምጠን በሶውን ጠጣን። ለሴትዮዋም ቀዳንላቸው። በጣም ወፍራም ነው አሉ፣ ጨረሱት ግን።

ስንመለስ ብሉ ዳይመንድ የምትባለው መንደር አጠገብ መንገዱ ዳር መኪና ተሰልፏል። አደጋ መስሎኝ ነበር። አህዮች ናቸው! አራት አህያ፣ አንድ ውርንጭላ። ሰው ሁሉ ወርዶ ፎቶ ያነሳል። ድሮ ማዕድን ፈላጊዎች ጥለዋቸው የሄዱት ዘር እንደሆኑ፣ ከ1971 ጀምሮ በሕግ እንደሚጠበቁ፣ ምግብ መስጠትም ክልክል እንደሆነ ሴትዮዋ ነግረውን ነበር። ለእናቴ አስረዳኋት። ጭነት አይሸከሙም፣ ማንም አይመታቸውም፣ የመንግሥት ናቸው አልኳት።

ለረጅም ጊዜ በመስኮት አየቻቸው።

«ታዲያ ምን ይሠራሉ?»

ምንም አልኳት።

«አሜሪካ የገባ አህያ» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ቤት እስክንደርስ ሳቀች።

ቦቲ

ፎቶ የታለ?

የሌሊት ሹፌር

የአህያዋን ነው ያነሳሁት። እናቴ ነጠላዬ አቧራ ሆኗል ብላ እንቢ አለች። የሚመጣው ቅዳሜ ሬድ ስፕሪንግ ልንሄድ ነው፣ ያኔ ታጥቦ ይደርሳል። ሊትል ኢትዮጵያ አካባቢ ጥሩ በሶ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ጻፉልኝ፣ ያመጣችው አልቋል።